ምስጥ የማይበላው እንጨት

በእኛ ቤት ጥርጣሬ እንደ ስኳር በሽታ በዘር የሚወረስ ነው። አባባ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሳይሉ ከቤት አይወጡም። እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝና፣ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሳለ አጠገቤ መጥቶ የሚቀመጥ ሰው ካየሁ ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ነው የምስበው። ባለቤቴ ይስቅብኛል። ይሳቅ! ሁለት ጊዜ ስልኩን የተሰረቀው እሱ ነው።

አባባ ለንደን ውስጥ አውቶብስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ድሮ ከሥራ መልስ የሚያመሹበት አንድ የሐበሾች ሻይ ቤት ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ግን ያ ቤት ሌላ ሆነ። ሰው ለሁለት ለሦስት ተከፈለ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ዝም ይላል፤ ማን ለማን ወሬ እንደሚያቀብል በዓይን መፈላለግ ሆነ። አባባ አንድ ቀን «ሻይ ሲቀርብልኝ እንኳ ከጀርባው ማን እንዳለ ነው የማስበው» አሉና እግራቸውን ቆረጡ። እማዬም ባተርሲ ሰፈር ባለው አፓርታማቸው ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርም ባል ታቅፋ ቀረች። «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሥራ ፈልግ ወይ ጠላት ፈልግ» ትላቸው ነበር።

ሁለቱንም አገኙ። ከኤስቴታቸው፣ ከሚኖሩበት የሕንፃ መንደር፣ ጀርባ፣ በባቡር ሐዲዱ ጥግ፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ እየሸነሸነ ለነዋሪው የሚያከራየው የጓሮ እርሻ አለ፤ አሎትመንት ይሉታል። ወረፋ ጠብቀው አንድ ቁራጭ ደረሳቸውና ከአዲስ አበባ በካልሲ ተጠቅልሎ የመጣ የሐበሻ ጎመን ዘሩበት። ጠላቱ ደግሞ ከጎናቸው ያለውን ቁራጭ የያዘ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ነው። «ጎመንህ ቲማቲሜ ላይ ጥላ ጣለ» ብሎ ከጨቀጨቃቸው ወዲህ አይነጋገሩም። ቢሆንም አባባ ደስተኛ ነበሩ። «አፈር አያሳብቅም» ይላሉ መዳፋቸውን እያራገፉ። ጎመኑን ለኤስቴቱ ሐበሻ ሁሉ ያድሉታል፤ ያመሰገናቸው ከጠፋ «ድሮም የእኔ እጅ አመድ አፋሽ ነው» ብለው ይነጫነጩና በሚቀጥለው ሳምንት መልሰው ያድላሉ።

እኔ ኮሌጅ ውስጥ አፈር በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። አባባ ለሰው ሲያወሩ «ዶክተር ናት» ይላሉ። አይደለሁም። አፈር የማደርቅ፣ በወንፊት የምነፋ፣ ጠርሙስ የማጥብ፣ ማሽን ያወጣውን ቁጥር የማነብ ቴክኒሻን ነኝ። እማዬማ «ይሄን ሁሉ የተማርሽው ጭቃ ልታቦኪ ነው?» ብላኛለች።

ያን ጸደይ አርግዤ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ጨንግፎብኝ ስለነበር ሁሉም እንደ እንቁላል ነው የሚይዘኝ። አዋላጇ «ደምሽ ትንሽ አንሷል» ያለችኝን ለእማዬ መናገሬ ጥፋት ሆነ። ወሬው አባባ ጋ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያማ ጎመን በጎመን ሆንኩ። በየቅዳሜው ከባተርሲ እኔ እስከምኖርበት እስከ ሰቨን ሲስተርስ ድረስ አውቶብስ እየቀያየሩ፣ ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው ይመጣሉ። የምድር ውስጥ ባቡር አይሞክሩም፤ «ደህና ሰማይ እያለ መሬት ውስጥ ተደብቆ የሚሄድ ነገር ምን አስቦ ነው?» ይላሉ። አብስዬ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ካልበላሁ ንቅንቅ አይሉም። «ለእሱም ጉረሽለት» እያሉ ሆዴን ያዩታል። ደስ ይለኝ ነበር፤ መቼም አልዋሽም።

አንድ ሐሙስ ሥራ ላይ እያለሁ ደወሉ። አባባ ሲደውሉ ሰላምታ የለም፤ ቀጥታ ወደ ነገሩ ነው።

«መርዝ ነው አሉን!»

«ማን ነው ያለው አባባ?»

«ካውንስሉ ነዋ! በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። አፈሩ ውስጥ አርሰኒክ አለ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ማንም ያበቀለውን እንዳይበላ ይላል። የማናውቃቸው መስሏቸዋል! መሬቱን ሊነጥቁን ነው። ፎቅ ሊሠሩበት ነው።»

ቂል አልነበሩም። በዚያን ሰሞን ወንዙን ተከትሎ በየቦታው የመስታወት ፎቅ ይበቅል ነበር፤ አንድ ባዶ ቦታ ታጥሮ ካደረ ማግስቱን ክሬን ይቆምበታል። እኔም ጠረጠርኩ። እጄ ግን ሳላዘው ሆዴ ላይ ነበር። አርሰኒክ ምን እንደሆነ በእኛ ቤት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጎመን የጎረስኩበትን ቅዳሜ ሁሉ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

ሐኪም ዘንድ ሄጄ ሽንት ሰጠሁ። ውጤቱ ጊዜ ይወስዳል ተባልኩ። ለአባባ አልነገርኳቸውም።

ቅዳሜ ምንም እንዳልተፈጠረ ፌስታላቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

«አሁን በልቼ ነው አባባ፣ ማታ እበላዋለሁ» አልኳቸው።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ሻያቸውን ጠጡና ወጡ። ብዙም ሳይቆዩ «ጃንጥላዬን ረሳሁ» ብለው ተመለሱ። ጃንጥላ ይዘው እንዳልመጡ ሁለታችንም እናውቃለን። ቀጥ ብለው ወጥ ቤት ገቡና የቆሻሻ ቅርጫቱን ከፈቱ። ጎመኑ ከነፌስታሉ፣ ላዩ ላይ ጋዜጣ ጣል ተደርጎበት ተኝቷል። አቤት፣ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

«አንቺም አመንሻቸው?»

«አባባ፣ እኔ እኮ...»

«የገዛ ልጄ! የአባቷን እጅ ጥላ የካውንስል ወረቀት ታምናለች!»

ደሜ ፈላ። «ማንንም አላመንኩም! እነሱንም አላመንኩም፣ እርስዎንም አላምንም! ይሄ ሆዴ ውስጥ ያለው በሰላም እስኪወጣ ድረስ ማንንም አላምንም!» አልኩ። በሕይወቴ አባባ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ይቆጡኛል ስል ፈገግ ሊሉ ቃጣቸው፤ እኔ ውስጥ ራሳቸውን ያዩ መሰለኝ። ቅርጫቱን ቀስ ብለው ከደኑት።

«እንግዲያው አንቺ ለኪው» አሉ። «ከሳሹም እነሱ፣ ዳኛውም እነሱ አይሆንም። አንቺ ለኪ፤ የአንቺን ቁጥር አምናለሁ።»

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ ትንሽ ላስረዳ። አፈር ውስጥ ያለ አርሰኒክ ሁሉ ተክል አያገኘውም። ድስት ውስጥ ያለ ሁሉ ማዕድ ላይ ይቀርባል እንዴ? የካውንስሉ ሰዎች የለኩት ድስቱን ነው፤ አፈሩን በኃይለኛ አሲድ አፍልተው ያለውን ሁሉ አውጥተው። የቆየ መርዝ ግን አፈሩ ውስጥ ካለው የብረት ዝገት ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር ሥር አይደርስበትም። ሥር የሚጠጣው ውኃ ያሟሟውን ብቻ ነው። ያንን ለማወቅ አፈሩን ለስለስ ባለ የጨው ውኃ ውስጥ ከተው፣ በማሽን ንጠው፣ አጣርተው፣ ውኃው ይዞት የወጣውን ብቻ ይለኩታል። ይሄኛው ሳህን ላይ የቀረበው ነው። ቦታው ዱሮ የፋብሪካ ጥራጊ የተደፋበት ስለሆነ ድስቱ ሙሉ ቢሆን አይገርመኝም። የኔ ጥያቄ ሳህኑ ነበር፤ ከሳህኑ የበላሁት እኔ ነኛ!

አለቃዬ «ነፍሰ ጡር አሲድ አትነካም» ብላ የድስቱን ልኬት ለሌላ ሰው ሰጠችብኝ። የጨው ውኃውን ግን ለምኜ ራሴ ሠራሁት። ለሌላ ሰው ብሰጠው ውጤቱን አላምነውም ነበር።

አፈሩን ለመውሰድ ስሄድ አባባ ከኋላዬ ኮቴ በኮቴ እየተከተሉ «ከዚህ ውሰጂ፣ እዚያ አይደለም፣ ጠለቅ አድርጊው» እያሉ አዘዙኝ። ከመግቢያው መንገድ ዳር፣ ከድንቹ ሥር፣ ከጎመኑ መደብ፣ ከየቦታው እየቆፈርኩ በየከረጢቱ አደረግኩ። ሽማግሌው እንግሊዛዊ ክንዱን አጣምሮ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ያየናል። የዕቃ ጎጆው በር ገርበብ ብሏል፤ ውስጡ የዛጉ ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ላይ የራስ ቅል ምስል አለበት።

«አየሽው?» አሉ አባባ በሹክሹክታ። «እኔ ምን አልኩ! መርዝ ካለ የረጨው እሱ ነው።»

አየሁት። ሰውየው ውኃ ሊቀዳ ዞር ሲል ከአጥሩ ሥር እጄን አሾልኬ ከእሱም አፈር ዘገንኩ። ሌብነት ከተባለም የሰረቅኩት አፈር ነው፤ ዛሬም ይቅርታ አልጠየቅኩትም።

የድስቱ ውጤት መጀመሪያ መጣ። ካውንስሉ አልዋሸም፤ አርሰኒኩ ከየትም ቦታ ከወሰድኩት አፈር ውስጥ በሽ ነው። እውነት በመናገራቸው ሁሉ ተናደድኩ። ከዚያ የሳህኑን ጀመርኩ። የመንገዱ ዳር፣ የለም ማለት ይቻላል። የድንቹ ሥር፣ እንደዚያው። የሽማግሌው፣ እንደዚያው። ልቤ እልል ሊል ደረሰ፤ መርዙ አለ፣ ግን በዝገቱ ታስሮ ተቀምጧል፣ ማንንም አይነካም። «ተመስገን» እያልኩ የጎመኑን መደብ ጠርሙስ ማሽኑ ላይ አደረግኩ።

ቁጥሩ ዘለለ። ማሽኑን ጠረጠርኩት፤ አጥቤ ደገምኩ፤ ያው ነው። ራሴን ጠረጠርኩ፤ ከከረጢቱ አዲስ አፈር ቀንሼ ከመጀመሪያው ሠራሁ፤ ያው ነው። ከመደቡ የቀጠፍኩትን ቅጠል በደንብ አጥቤ፣ አድርቄ ስለካው ቅጠሉም ውስጥ ገብቷል። ከአጥር እስከ አጥር አንድ ዓይነት አፈር ሆኖ፣ የአባቴ ጎመን ያለበት ብቻ? ይሄ ነገር ሰው ሠራሽ ነው አልኩ። ያ የራስ ቅል ያለበት ቆርቆሮ ዓይኔ ላይ ዞረ። ሌላ ማን ይሆናል?

ሽማግሌውን ላፋጥጠው ቆርጬ በነጋታው ጠዋት ወደ አሎትመንቱ ሄድኩ። የምለውን በእንግሊዝኛ አውቶብስ ውስጥ ስለማመድ ነበር። ስደርስ ሽማግሌው የለም። አባባ ጎመናቸው መሀል ጎንበስ ብለው አሮጌ ወንፊት እየነቀነቁ ነው፤ ከወንፊቱ ነጣ ያለ አመድ ቅጠሉ ላይ ይወርዳል።

እንግሊዝ አገር ጎመን የዘራ ሰው ትልቁ ጠላቱ ቀንድ አውጣ ነው። ዝናቡ ስለማያባራ ቅጠሉን ወንፊት አድርጎት ያድራል። አባባ በልጅነታቸው እናታቸው ሲያደርጉ እንዳዩት፣ ተባይ እንዳይቀርብ አመድ ይነሰንሱበታል። ይህን ልማድ የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ እኔም ስንት ጊዜ አይቻቸው አልፌአለሁ። ያን ቀን ግን እግሬ ተተከለ።

«አባባ፣ ይሄ አመድ የምን ነው?»

«የእንጨት ነዋ! የምን ሊሆን ነው?»

«የምን እንጨት?»

ወንፊቱን አስቀመጡና በኩራት ወደ ጎጆአቸው ጀርባ ወሰዱኝ። እሳት የሚያነዱበት በርሜል አጠገብ ወፋፍራም ምሰሶና ሳንቃ ተከምሯል። የኤስቴቱ የልጆች መጫወቻ ፈርሶ በአዲስ ሲተካ፣ አሮጌው እንጨት የግንባታ ጥራጊ በሚጠራቀምበት ትልቅ የብረት ገንዳ ውስጥ ተጥሎ አግኝተው፣ በጋሪ እያመላለሱ ያጋዙት ነው። ክረምቱን ሙሉ እሱን እያነደዱ ሞቀዋል። አመዱን አንድ ማንኪያ ሳያባክኑ ለጎመኑ አጠራቅመዋል።

«እይው» አሉ፣ ምሰሶውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ እያደረጉ። «ስንት ዓመት ዝናብ ላይ ቆሞ አልበሰበሰም። እንዲህ ያለውን ይጥሉታል! ምስጥ የማይበላው እንጨት እኮ ነው!»

እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። ምስጥ ለምን እንደማይበላው አውቅ ነበር። ዱሮ ደጅ የሚተከል እንጨት እንዳይበሰብስ የሚነከርበት መድኃኒት አንዱ አርሰኒክ ነው። ሲቃጠል አይጠፋም፤ አመዱ ውስጥ ይከማቻል፤ አመድ ደግሞ በባሕሪው ዝገቱ ይዞት የኖረውን የቆየውን መርዝ ጭምር ያላቅቀዋል። እፍኝ አመድ በመሐረብ ቋጥሬ ሄድኩ። ስለካው የገመትኩት ሆነ።

በዚያው ሰሞን የሐኪሙ ውጤት መጣ። ሽንቴ ውስጥ የተገኘው የሚያሰጋ አይደለም አሉኝ። አላመንኩም፤ ድገሙልኝ አልኩ፤ ደገሙልኝ፤ ያው ነው። አልቅሼ ሲወጣልኝ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። «ንገሪው» አለችኝ። «ካልነገርሽው ነገ እሱን አመድ ይበትናል፤ ቅዳሜ ጎመኑን ይዞልሽ ይመጣል። ከሌላ ሰው ከሰማ ደግሞ በቁሙ ይሞታል።»

ወጥ ቤት ጠረጴዛቸው ላይ ቁጭ ብለን ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። «ካውንስሉ ነው እንዲህ በይ ያለሽ?» አሉ። ቀጥለው ማሽኑ ተሳስቷል አሉ። ቀጥለው ሽማግሌው ሌሊት መጥቶ አመዱ ላይ አንድ ነገር ጨምሮበታል አሉ። የሚጠረጥሩት ሰው እያለቀባቸው ሲሄድ ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው እጃቸው ወረደ።

«ምስጥ የተወውን» አሉ በመጨረሻ፣ «ምስጥ የተወውን ለልጄ አበላሁ?»

«ደህና ነኝ እኮ አባባ። ሐኪሞቹ ሁለቴ አይተውኛል። እሱም ደህና ነው።»

አልሰሙኝም። ቀና አሉ።

«ያኛውስ?»

የትኛው ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

«ያኔ እንጨቱ ገና አልመጣም ነበር» አልኩ። «መጫወቻው አልፈረሰም ነበር።»

«በምን አወቅሽ?»

ያኛው የጨነገፈብኝ ጊዜ ከሆስፒታል ወጥቼ እማዬ እንድታስታምመኝ እነሱ ቤት ከርሜ ነበር። እዚያው ወጥ ቤት መስኮት ጋ ቆሜ፣ ታች የሰው ልጆች እዚያ መጫወቻ ላይ ሲንጠላጠሉ እያየሁ ድምፅ ሳላሰማ አልቅሻለሁ። ለማንም፣ ለባለቤቴም ጭምር፣ ተናግሬው አላውቅም። ለአባባ ነገርኳቸው። መስኮቱንም አሳየኋቸው።

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የካውንስሉን ሰው፣ ጎረቤታቸውን፣ ሻይ ቤት ያሉትን የሚያዩበት ነው። «የአንቺን ቁጥር አምናለሁ» ያሉኝ ሰውዬ ቁጥሩን አመኑ፤ ይቺን ግን አላመኑም። ልታጽናናኝ ነው ብለው ጠረጠሩ። በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ ውስጥ እንዲያምኑልኝ የፈለግኩት ያንን ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጎመን የሰጡትን ሰው ቤት ሁሉ በር እያንኳኩ «ጣሉት፣ የበላችሁም ታዩ» ሲሉ ዋሉ። አንድም ሰው አልታመመም። ካውንስሉም በኋላ እንደኔው በጨው ውኃ አስለክቶ አሎትመንቱ ሳይዘጋ ቀረ፤ የጎመኑ መደብና የተረፈው እንጨት ብቻ ተጭኖ ሄደ። አባባ አፈሩ ሲጫን በር ላይ ቆመው አዩ፤ ከማንም ጋር አልተጨቃጨቁም። አሁን የሚተክሉት ጽጌረዳ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሰው የሚበላ ነገር ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም።

ልጄ በሰላም ተወለደች፤ «እሱ» ያሉት ሴት ሆነች። ዛሬ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ አያቷን ታዝዛለች። አባባ ቤታችን ሲመጡ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሳይታጠቡ አይነኳትም። እሷም ሰው ሲሳሳም እንዲህ የሚያደርግ መስሏት፣ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ቆማ አብራቸው ትታጠባለች።

መጫወቻው መቼ እንደፈረሰ ኤስቴቱ ውስጥ ያልጠየቁት ሰው የለም። አንዱ ቀደም ያደርገዋል፣ ሌላው ዘግየት ያደርገዋል፤ ለሰው ምኑ ነው ብሎ ያስታውሳል? ልጄ ወደ ክፍሏ ስትሄድ፣ እኔ ሻይ ሳቀርብላቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«እውነቱን ንገሪኝ። ያኔ ቆሞ ነበር?»

«ቆሞ ነበር አባባ። በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«እሺ» ይሉና ሻዩን ትክ ብለው ያዩታል። አያምኑኝም።